ኮምፒዩተሩም ከእኛ ጋር ይመደባል

ሰሞኑን በሻይ ክበቡም፣ በየመኝታ ክፍሉም፣ ለምሳ በተሰለፍንበትም ቦታ ወሬው ሁሉ ላፕቶፕ ሆኗል። እቁብ የደረሰው ላፕቶፕ ሊገዛ ይሯሯጣል። አባቱ ወይፈን የሸጡለት ላፕቶፕ ሊገዛ ነው። አሜሪካ አክስት ያለችው ደግሞ «ምን ዓይነቱን ልላክልህ?» ተብሎ መልሱ ጠፍቶት ከክፍል ክፍል እየዞረ ይጠይቃል። ነገሩ መልካም ነው፤ ማንም አይቃወመውም። ነገር ግን ጆሯችንን ጣል አድርገን ስንሰማ ክርክሩ በአብዛኛው ስለ መልኩ ሆኖ አገኘነው። ስስ ነው ወይስ ወፍራም? ኮር አይ ሰቨን ነው ወይስ ኮር አይ ፋይቭ? ኪቦርዱ በጨለማ ይበራል ወይስ አይበራም? ለምን ሥራ እንደምንፈልገውና የት ሆነን እንደምንሠራበት ግን ሲነሳ አልሰማንም። ይህን ጽሑፍ ለመለጠፍ የተነሳነውም ስለዚሁ ነው።

በእኛ አስተያየት ዋናው ስሕተት ኮምፒዩተሩን ለልደታ መግዛት ነው። ልደታ ሆነን ምን ጎደለን? በፍርድ ቤቱ አካባቢ ክስና አቤቱታ የሚተይቡት የጽሕፈት ቤቶች የእኛንም የቤት ሥራ ይተይቡልናል። ቻርጀር ቢቃጠል ሜክሲኮ በእግር የሚደረስ ነው፣ መርካቶም ሩቅ አይደለም። መብራት ቢጠፋ የሆነ ሰዓት ላይ ይመጣል። ይሁን እንጂ እዚህ የምንቆየው ሥልጠናው እስኪያልቅ ነው። ከመካከላችን አዲስ አበባ የሚቀር ይኖራል፤ ብዙዎቻችን ግን ወደየክልላችን ሄደን፣ ከወረዳው ከተማም ወጣ ብለን ልናስተምር እንችላለን። እዚያ ጠጋኝ የለም። ኤሌክትሪኩም በሰዓቱ ላይገኝ ይችላል። ኮምፒዩተሩም አብሮን ይመደባል ማለት ነው። እንግዲህ ለእርሱም የምደባ ቦታውን አስበን እንምረጥለት።

«ስልክ እያለ ላፕቶፕ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ይህን ሐሳብ አንንቀውም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የታተመ መጽሐፍ አልዳረስ ብሎ ተማሪው የመማሪያ መጽሐፉን በፒዲኤፍ ከቴሌግራም እያወረደ በስልኩ ማንበቡን ሁላችንም እናውቃለን። ለማንበብ ስልክ ይበቃል። ለመምህር ሥራ ግን አይበቃም። እስቲ ስለ ሮስተር እናስብ። አንድ የክፍል ኃላፊ መምህር 60 ተማሪ አለው እንበል፤ የትምህርቱ ዓይነት ደግሞ 9 ይሁን። በአንድ መንፈቅ ዓመት 540 ውጤት ይመዘግባል ማለት ነው። እነዚህን ይደምራል፣ አማካይ ያወጣል፣ ደረጃ ይሰጣል። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሌላ 540 ይጨመራል፤ ከዚያም የሁለቱ አማካይ ይወጣል። ሁሉም በእጅ ነው። ታዲያ የሒሳብ መምህሩ መጥተው «የ17ኛውን ተማሪ ውጤት 68 ብዬ የሰጠሁህ 86 ነው፤ ይቅርታ» ቢሉስ? የልጁ ድምር ይለወጣል፣ ደረጃው ይለወጣል፣ አሁን የሚያልፋቸው ልጆች ደረጃ በሙሉ ይንሸራተታል። ወረቀቱ ይፋቃል፣ ይደለዛል፣ በመጨረሻም ሌላ ወረቀት ይገዛል። በኤክሴል ግን 86 ብሎ መጻፍ ነው፤ ሌላው ሁሉ ራሱ ይስተካከላል። ይህን ሥራ በስልክ እንሞክረው ብንል ዓይናችንም ጣታችንም አይችለውም። ሮስተር የሠራ ሰው ይመስክር።

ሌላም ምክንያት አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ተማሪዎች የመውጫ ፈተናቸውን የሚወስዱት በኮምፒዩተር ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ዛሬ ፊደል የምናስቆጥረው ሕፃን ነገ ማውስ ይዞ ይፈተናል። መምህሩ ማውስ የማያውቅ ከሆነ ልጁ ከማን ሊማር ነው? እርግጥ ነው፣ መሣሪያ ብቻውን አያስተምርም። በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ሲገባ መምህሩ ዳር ቆሞ ተመልካች ሆኖ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ሲበላሽ ደግሞ ስንቱ ክፍል ግድግዳ ላይ ጥቁር መስተዋት ሆኖ ቀረ። የእኛ ነገር ግን ከዚያ ይለያል። መሣሪያው በመምህሩ እጅ ያለ፣ መምህሩ የሚያዝዘው ነው።

ወደ ገበያው እንሂድ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። የምንዛሪው ሥርዓት በገበያ እንዲመራ በተወሰነ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በዓመቱ ደግሞ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ላፕቶፕ እንደ ጤፍ ከጎጃም አይመጣም፤ ዋጋው ከዶላሩ ጋር ወጣ። ስለዚህ የአባታችንን ወይፈን የበላ ዕቃ ዓመት ሳይሞላው ቢሞት የምንተካበት የለንም። አዲስ የታሸገ ይሻላል የሚለውን ምክር እንሰማለን፤ አቅሙ ያለው ይግዛ። እኛ ግን ሳንደብቅ እንናገር፤ በእኛ አቅም የሚገዛው አዲስ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ደካማው ነው። በዚያው ገንዘብ ሱቆቹ «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚሉት፣ ውጭ አገር ቢሮ ሲሠራ ቆይቶ በዱባይ ወይም በሌላ መንገድ የመጣው፣ አካሉ ጠንካራ የሆነ ላፕቶፕ ይገኛል። ኤችፒም ይሁን ዴልም ይሁን ሌኖቮ፣ ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩት ሞዴሎች ብዙ ስለሆኑ መለዋወጫቸውም አይጠፋም። ወፍራም ናቸው። ይወፍሩ! እኛ ሰርግ አንሄድባቸውም።

አሁን ስለዚያ ስለ አይ ሰቨን። ሻጩ «አይ ሰቨን ነው ወንድሜ፣ ከዚህ በላይ የለም» ሲል ልባችን ይመታል። አይ ሰቨን የሚለው ስም ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሚናገረው ከኋላው ያለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ 4600 ከሆነ ትውልዱ 4ኛ ነው፤ 8250 ከሆነ 8ኛ ነው፤ 10፣ 11 ወይም 12 ብሎ ከጀመረ ደግሞ 10ኛ፣ 11ኛ ወይም 12ኛ ትውልድ ነው ማለት ነው። 4600 የተባለው አይ ሰቨን ሁለት ኮር ብቻ ያለው ሲሆን፣ 8250 የተባለው አይ ፋይቭ ግን አራት ኮር አለው። ታናሹ ታላቁን ይበልጠዋል። ይህን ያላወቀ ለስሙ ብሎ ተጨማሪ ብር ከፍሎ ያነሰውን ይዞ ይመጣል።

ትውልዱን የምንቆጥረው ለፍጥነት ብቻ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ኮምፒዩተሩ በዚያ ቀን አይሞትም፤ ነገር ግን አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ በወጉ የሚደፍንለት የለም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ መሠረት የሚቀበለው፣ በኢንቴል በኩል ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። ሻጮች በአሮጌውም ላይ በጓሮ በር ይጭኑታል፤ «ይኸው ሠራ» ይሉናል። ይሠራል፣ ግን ኋላ ማሻሻያ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ዋስትና የለም። ስለዚህ ምክራችን ከ8ኛ ትውልድ በታች አትግዙ ነው። በእጃችን አሮጌ ያለን ደግሞ አንጣለው። ሊነክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ በነፃ ይጫንበታል፤ ሊብሬ ኦፊስም ደብዳቤውንም ሮስተሩንም ይሠራል። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት በክራክ የተከፈተ ኦፊስ ከነቫይረሱ ሊመጣ ስለሚችል፣ ነፃው ለመምህር ክብርም የሚስማማ ይመስለናል።

ራም 8 ጊጋ ይሁን። 4 ጊጋ ያለው ብሮውዘርና ወርድ አንድ ላይ ሲከፈቱለት ያቃስታል። ከገንዘቡ አንፃር ግን ትልቁ ነገር ዲስኩ ነው። የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጡ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን ያለው ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ ሲንገጫገጭ ሊጎዳ ይችላል። ኤስኤስዲ የሚባለው ምንም የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ፍጥነቱም አይወዳደርም። 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ያለው ከ1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ይበልጥብናል። ፊልም ለማጠራቀም የፈለገ ወንድማችን በዚህ ላይ አይስማማን ይሆናል፤ ክርክሩን በሻይ ክበብ እንቀጥላለን።

ባትሪውን ግን ደግመን ደጋግመን እንናገር፤ ምክንያቱም መብራት በሌለበት ትምህርት ቤት ውስጥ ባትሪ ማለት ኮምፒዩተሩ ራሱ ነው። ከመካከላችን አንዷ እህታችን የገዛችው ላፕቶፕ ሱቁ ውስጥ ሳለ እንደ ንብ ይሠራ ነበር፤ ለምን ቢሉ ቻርጀሩ እንደተሰካ ነበርና። ወደ ክፍሏ ይዛ መጥታ ስትነቅለው ገና አንድ ገጽ ሳትጨርስ ጠፋ። ሻጩ «ባትሪ ላይ ጋራንቲ የለም እህቴ» አላት። ከእንዲህ ዓይነቱ ነገር የሚያድን ቀላል ዘዴ አለ። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል። በሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ አንደኛው ባትሪው ሲሠራ ይይዝ የነበረው፣ ሁለተኛው አሁን ሞልቶ የሚይዘው። የመጀመሪያው 50,000 ሆኖ ሁለተኛው 20,000 ከሆነ፣ ከጉልበቱ የቀረው 40 በመቶ ብቻ ነው። ሻጩን «አውጣልኝ» ማለት ነውር የለውም። እንቢ ካለ «አመሰግናለሁ» ብሎ ወደሚቀጥለው ሱቅ መሄድ። ሪፖርቱን ማየት ባንችል እንኳ ቻርጀሩን ነቅለን፣ ሩብ ሰዓት እዚያው እየሠራንበት መቆየት እንችላለን። ሻጩ ይሰለቻል፤ ይሰልች።

ስለ ቻርጀሩም አንድ ነገር እንበል። ከአሜሪካ የሚላከው ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ሲሆን፣ ከዱባይና ከእንግሊዝ የሚመጣው ሦስት ወፋፍራም ጥርስ አለው፤ የእኛ ሶኬት ክብ ጥርስ ነው የሚፈልገው። አስማሚ መግዛት ይቻላል፤ ነገር ግን የተልፈሰፈሰ አስማሚ ይግላል፣ ብልጭታም ያወጣል። ከሁሉ የሚሻለው ገመዱን ብቻ በክብ ጥርስ መለወጥ ነው። አሜሪካ ያለችው አክስት የላከችው ላፕቶፕ በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል ብሎ የሚፈራም አለ። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብበው፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ካለ አይፍራ። የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛው እንዲህ ነው።

ሱቅ ውስጥ መታየት ያለባቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። የድርጅት የነበሩ አንዳንድ ላፕቶፖች የቀድሞው ባለቤት ቁልፍ አልተነሳላቸውም። ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የይለፍ ቃል የሚጠይቅ፣ ወይም ኢንተርኔት ሲያገኝ «የእንትን ድርጅት ንብረት» የሚል ከሆነ መተው ነው። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ሆነን በስልካችን ሆትስፖት ከኢንተርኔት ጋር እናገናኘው፤ አጥፍተንም እናስነሳው። የኪቦርዱን ቁልፎች አንድ በአንድ እንምታቸው። የፈረንሳይ ወይም የጀርመን ኪቦርድ ፊደሎቹ ቦታ ይቀያየሩበታል፤ ሳንለምደው ዓመት ያልፋል። ካሜራ፣ ድምፅ፣ የፍላሽ መሰኪያዎቹ፣ ማጠፊያው፤ እነዚህን ማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ደረሰኝ ሳይቀበሉ መውጣትማ ምኑ ቅጡ!

አማርኛውን እንዳንረሳ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ግን ዛሬም በየጽሕፈት ቤቱ አለ። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት «ተማሪ» የሚለው ቃል የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ይወጣል። ስንቶቻችን የቤት ሥራችንን አስተይበን፣ በፍላሽ ይዘን መጥተን፣ እዚህ ስንከፍተው ጉድ አየን? መፍትሔው በዩኒኮድ መጻፍ ነው። የአማርኛ ኪቦርድ ዊንዶውስ ውስጥ አብሮ አለ፤ ኪማን የሚባለውም በነፃ ይገኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ጣት ይሳሰራል። ነገር ግን በራሱ እጅ አማርኛ የማይተይብ የአማርኛ መምህር በጽሕፈት ቤት ሲመላለስ ሊኖር ነው ማለት ነው።

ተጨማሪ ዕቃዎችን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ማውስ ይገዛ፤ ባለገመዱ ባትሪ ስለማይበላ ይሻለናል። ውኃ የማያስገባ ቦርሳ። ደኅና ዲቫይደር፤ መብራቱ ከፍ ዝቅ በሚልበት ቦታ ደግሞ ስታብላይዘር። ማቀዝቀዣ ማራገቢያ፣ ቀለም የሚቀያይር መብራት፣ የኪቦርድ ላስቲክ የመሳሰለው ሁሉ ይቆይልን። ፍላሽ አንድ ሳይሆን ሁለት ይሁን፤ አንደኛው ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄድ፣ ሌላው ከክፍል የማይወጣ። ማተሚያ ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ይዞ መምጣቱ የታወቀ ነው። የጥናት ጽሑፋችንን ቴሌግራም ላይ ለራሳችን መላክም ልማድ እናድርገው፤ ላፕቶፕ ይሰረቃል፣ ይወድቃልም።

ጎረቤቶቻችን እዚሁ ልደታ የሚገኘው የቀድሞው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ተማሪዎች ትልልቅ ላፕቶፕ ይዘው ሲሄዱ እናያለን። እነርሱ የሕንፃ ንድፍ ይሠሩበታል፤ የግራፊክስ ካርድ ቢፈልጉ እውነታቸውን ነው። እኛ ሮስተር በግራፊክስ ካርድ አንሠራም። ከመካከላችን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተመዝግበው ፕሮግራም የሚማሩ፣ ወይም ወደፊት በትርፍ ጊዜያቸው በርቀት ትርጉምና ጽሑፍ ሠርተው ደመወዛቸውን ለመደጎም የሚያስቡ አሉ። እነርሱም ቢሆኑ ከላይ ያልነው ይበቃቸዋል፤ የሚጨምሩት ማይክሮፎን ያለው የጆሮ ማዳመጫና አስተማማኝ የኢንተርኔት ጥቅል ነው።

ሦስት ሆነን አንድ እንግዛ የሚል ሐሳብም ቀርቧል። አሳቡ የወንድማማች ነው፤ ግን አንደግፈውም። ስንመረቅ አንዱ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ደቡብ ሲሄድ ላፕቶፑን በመጋዝ አንከፍለውም። እቁቡ ይሻላል። ዕጣው በተራ ይውጣ፤ ያልደረሰው በደረሰው ጓደኛው ይጠቀም፤ ሁሉም በስተመጨረሻ የራሱን ይዞ ይሄዳል።

ለክቡራን መምህሮቻችንና ለተቋሙ አስተዳደርም የምናቀርበው ጥያቄ አለን። የቤት ሥራ በኮምፒዩተር ተተይቦ ይቅረብ ስትሉን ትክክል ናችሁ፤ ልንለምደው ይገባል። ይሁን እንጂ ላፕቶፕ የሌለው ሠልጣኝ በየገጹ እየከፈለ የሚያስተይበው ከምሳው ቀንሶ ነው። የተየበውም የጽሕፈት ቤቱ ልጅ እንጂ ሠልጣኙ አይደለምና የለመደው ነገር የለም። የኮምፒዩተር ክፍላችን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ተቆልፎ ያድራል። ቁልፉ በተረኛ መምህር ወይም በሠልጣኞች ኮሚቴ እጅ ሆኖ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቢከፈትልን፣ ዕቃውን ፈርመን እንረከባለን፣ ቢጠፋም እንጠየቃለን። እስከዚያው ድረስ በእጅ የተጻፈውም የቤት ሥራ በእኩል ዓይን እንዲታረም እንለምናለን። ጽሕፈቱ ካልተነበበ ያን ጊዜ ማርክ ይቀነስብን።

እቁብ የደረሳቸው አራት ጓደኞቻችን የፊታችን ቅዳሜ ወደ ገበያ ይወጣሉ። ሦስቶቻችን አብረናቸው እንሄዳለን፤ ሌላም መግዛት የሚፈልግ ካለ ጠዋት በ3 ሰዓት በዋናው በር ላይ ይገኝ። ገንዘቡን ሁሉ ይዞ መምጣት የለበትም። ባዶ ፍላሽ፣ ሙሉ ቻርጅ ያለው ስልክና የጆሮ ማዳመጫ ይያዝ። የባትሪውን ሪፖርት እንዴት እንደሚያወጣ አስቀድሞ ማየት የፈለገ ደግሞ ዓርብ ማታ ከእራት በኋላ ሻይ ክበብ ይምጣ፤ በገዛ ላፕቶፓችን ላይ እናሳየዋለን።